ቱርቦውን የፈታንበት ጥር

ልጄ እጁ ተቃጥሎ የመጣው ለጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የተሰጣ ገብስ እያነሳሁ ነበር። የግቢው በር ሲከፈት ቀና ብል፣ ቀኝ እጁን በጃኬቱ ጠቅልሎ ቆሟል። ከኋላው መኪናው የለም። በእግሩ ነው የመጣው።

“መኪናውስ?” አልኩት።

“ደህና ነው። ዳገቱ ራስ ላይ አቁሜዋለሁ።”

“እጅህስ?”

“እሱም ደህና ነው።”

ሁለቱም ደህና አልነበሩም። ጃኬቱን ስፈታው መዳፉ ተልጦ፣ ጣቶቹ አብጠው አየሁ። ጃኬቱም በአንድ ወገን ከሰል ሆኗል። እጁን እያጠብኩለት ነገረኝ። አምደወርቅ ጭነት አራግፎ ሲመለስ፣ ሰቆጣ ሊገባ ሲል ያለውን ረጅም ዳገት ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ከጋቢናው ሥር ጭስ አየ። ወርዶ ቢያይ ከሞተሩ ጎን የሚንጠባጠበው ዘይት የጋለው የጭስ ቧንቧ ላይ እየወረደ ይነድዳል። በጃኬቱ ደበደበው፣ አፈር በተነበት፣ ጠፋ።

“ከቱርቦው ነው የሚያፈስሰው። ከጀመረው ሰንብቷል” አለኝ።

“ከሰነበተ ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርሽ እንቅልፍ ትተኚ ነበር?”

እጁን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩለት።

ስለዚያ መኪና ጥቂት ልናገር። ባለቤቴ ሹፌር ነበር። እሱ የነዳት መኪና አሮጌ ነበረች። ስትጮህ ከወንዝ ማዶ ትሰማለች፣ ዳገት ላይ ከተጫነ አህያ እኩል ትሄዳለች፤ ግን ባሰኘው ቦታ ቢያጠፋት፣ ባሰኘው ሰዓት ቢያስነሳት ቅር አይላትም። ባለቤቴ ታሞ ሲሞት ልጄ ገና ተማሪ ነበር። አድጎ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ አሮጌዋን ሸጥን፣ የአባቱ ወንድም ጨመረበትና ይህን አመጣን። ይህኛው ቱርቦ ያለው ነው። ዳገት ላይ ጉልበት አለው ብለው ሸጡልን። ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚፈልግ የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

በማግስቱ መኪናውን ሌላ መኪና ጎትቶ አምጥቶ በራችን ላይ አቆመው። የዚያኑ ዕለት የጎረቤቴ ልጅ መጣ። ከልጄ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው፤ አንድ ጡት ያልጠቡ እንደሆነ ነው እንጂ ሌላውን ሁሉ አብረው በልተዋል። ደፉ ላይ ተቀምጦ የልጄን እጅ አየና ሳቀ።

“እሳት አጥፊ ሆነህ ተቀጠርክ እንዴ?”

ልጄ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ። “እማዬ፣ የሰፈሩ ልጆች በአስተርዮ ማርያም ማግስት ይነሳሉ። እስከዚያ መኪናው ከተሠራ እነዳለሁ። ካልተሠራ ግን አትያዢኝ። አብሬያቸው እሄዳለሁ።”

የሚሄዱት በበረሃ ወደ ጅቡቲ ነው። ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ። ከሰፈራችንም፣ ከጎረቤት ወረዳዎቹ ከደሃናም፣ ከጋዝጊብላም በዚያ መንገድ የሄዱ ብዙ ናቸው። የደረሱት ይደውላሉ።

“በዚህ እጅህ?” አልኩት።

“እስከዚያ ይድናል።”

የጎረቤቴ ልጅ ጣልቃ ገባ። “እትዬ፣ ባሕር እኮ መሪ የለውም! እሱ እንደ ጭነት ተቀምጦ መሄድ ብቻ ነው።”

“አንተ ዝም በል። እናትህ ታውቃለች?”

“ታውቃለች። አልቅሳ ጨርሳለች። አሁን በሶ እየፈጨችልኝ ነው።”

ይህን እየሳቀ ነው የተናገረው። እኔ ግን ከግድግዳው ማዶ የወፍጮውን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ፈሪ ሰው ነኝ። ልጄ መንገድ ላይ በዋለ ቀን ድንጋይ ተንከባለለ ሲባል ብሰማ ልቤ ይወርዳል። መንገዳችን ገደል የበዛበት ነው። ግን ገደሉን አውቀዋለሁ። በየትኛው መታጠፊያ ማን እንደወደቀ፣ የት እንደተቀበረ እናገራለሁ። ባሕሩን ግን አላውቀውም። ባሕር ያየሁት መጽሐፍ ላይ፣ ሰማያዊ ቀለም ሆኖ ነው፤ እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከሁለቱ ፍርሃት አንዱን ምረጪ ብባል የማውቀውን መረጥኩ። ስለዚህ ያ መኪና ከአስተርዮ በፊት መሠራት ነበረበት።

በከተማችን ቱርቦ ፈትቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከደሴ በኩል በመንገድ ሥራ ጊዜ የመጡና እዚሁ አግብተው የቀሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

“አያ፣ መኪናዬን ይዩልኝ። ቱርቦው ያፈስሳል” አልኳቸው።

“ዓይኔ ሩቅ እንጂ ቅርብ አያይም። እጄንም እይው” ብለው ዘረጉልኝ። ይንቀጠቀጣል። “ልጅሽ ይፍታው። እኔ በቃል እነግረዋለሁ።”

“እጁ ተቃጥሏል።”

“ታዲያ ማን ሊፈታው ነው?”

“እኔ እፈታዋለሁ” አልኩ። ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው።

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። እጄን ያዙና አገላብጠው አዩት፤ በግ ሲገዙ ጥርስ እንደሚታየው። “መርፌ ላይ ክር ታስገቢያለሽ?”

“በመጀመሪያው።”

“ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ቀለበትሽን አውልቀሽ ጠብቂኝ፤ ብረት ጣት ይበላል።”

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያን ቀለበት አውልቄ አላውቅም ነበር። በሳሙና አወጣሁት።

በማግስቱ መጡ። ጋቢናው ወደ ፊት ዘንበል ተደረገና ሞተሩ ተገለጠ። መካኒኩ ዱካ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው እየጠቆሙ ያዛሉ፤ ልጄ በግራ እጁ መፍቻ ያቀብላል፤ እኔ ቀሚሴን ሸክፌ የመኪናው የፊት መከላከያ ላይ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ተነቀለ። ከዚያ ቱርቦውን አሳዩኝ። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ብረት ነው፤ ሁለት ቀንድ አውጣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ይመስላል።

“ይህ የሞተሩ ሳንባ ነው” አሉኝ። “የሚወጣው ጭስ በዚህ ወገን ያዞረዋል። እሱ ሲዞር በዚያኛው ወገን አየር ስቦ ሞተሩን ያጎርሰዋል። መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። ያ ዘንግ የሚኖረው በዘይት ነው። ዘይት ካጣ ሞተ።”

ጥንቃቄዬ ለሰው አሰልቺ ነው፤ ጎረቤቶቼ ሞሰብ ከድኜ ሦስት ጊዜ እንደማየው ይቀልዱብኛል። ያን ቀን ግን ጠቀመኝ። ማር ከተጣራ በኋላ የቀረ ሰም ነበረኝ። ጠፍጥፌ ገበታ ላይ አነጠፍኩትና የፈታሁትን እያንዳንዱን ብሎን ሞተሩ ላይ እንደነበረበት ቦታ ሰሙ ላይ ተከልኩት። የላዩ ከላይ፣ የታቹ ከታች። መካኒኩ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝ።

“ጧፍ የሚሆነውን ሰም ለብሎን? ካህናቱ እንዳይሰሙሽ!”

“ብሎኑም ብርሃን ያሳየናል፣ አያ።”

“ቁጥሩንስ?”

“በኽምጣኛ ቆጥሬዋለሁ።”

“እንግዲህ በአማርኛ እንዳይጎድል” አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

አንድ ቧንቧ በተነቀለ ቁጥር አፉን በንጹሕ ጨርቅ እደፍናለሁ። ውስጥ የገባች አንዲት ጠጠር ሞተሩን ትገድለዋለች ብለውኛል። ጨርቁ ራሱ ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር በእያንዳንዱ ላይ ረጅም ቀይ ክር አስሬ ወደ ውጭ ሰደድኩት። የአየሩ ቧንቧዎች ወጡ። ከላይ የሚመጣው ቀጭኑ የዘይት ቧንቧ ወጣ። ዘይቱን ወደ ታች የሚመልሰው ወፍራሙ ወጣ። የጭሱ ቧንቧ በብዙ ትግል ተላቀቀ። ቱርቦውን ከሞተሩ ጋር የያዙት አራት ዳዶዎች፣ የብሎን ማሰሪያዎቹ፣ ብቻ ቀሩ። ሦስቱ እያቃሰቱ ተፈቱ።

አራተኛው እምቢ አለ። ከኋላ፣ የልጄም የመካኒኩም እጅ የማይገባበት ቦታ ነው ያለው። የእኔ ይገባል።

“ወደ ግራ!” ይሉኛል። “በምታማትቢበት እጅ በኩል አይደለም፣ በሌላው!”

“በሌላው ነው እኮ!”

“እንግዲያ ተይው። ተይው አልኩሽ! ከተሰበረ መኪናው ሞተ ማለት ነው። እዚህ የሚያወጣው መሣሪያ የለም።”

ልጄ ያን ጊዜ ከመኪናው ራቅ ብሎ ቆሞ የተጠቀለለ እጁን ያይ ነበር። ፊቱን ማንበብ ፈለግሁ፤ አዙሮት ነበር።

መካኒኩ ናፍጣ ይጠጣ አሉ። የዶሮ ክንፍ ናፍጣ ውስጥ እየነከርኩ ዳዶው ሥር ማንጠባጠብ ጀመርኩ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ከተራ መጣ፤ ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ሲወርድ እኔ ናፍጣ የሸተተ ነጠላ ለብሼ ከኋላ ተከተልኩ። ሌላው ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና ሲለምን እኔ ስለ አንድ ዳዶ ለመንኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በጥምቀት ማግስት ጠዋት መፍቻውን አስገባሁ፣ መካኒኩ እንዳሳዩኝ ሳልታገል፣ በቀስታ ጫንኩት። አንዲት ደረቅ ድምፅ ተሰማች። ተሰበረ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄ ግን እየዞረ ነበር።

“ዞረ!” አልኩ።

“የብሎኑ ክር ሳይበላ?”

“ሳይበላ።”

“ተመስገን በይ፣ ከዚያ ቀጥይ። ለምስጋና ብለሽ አትቁሚ” አሉኝ።

ቱርቦውን አቅፌ አወረድኩት። እንደ ሕፃን ይከብዳል። ከመክፈቴ በፊት ግራና ቀኙ እንደነበረ እንዲገጠም በምስማር ምልክት ጫርኩበት። ሲከፈት የዘይቱ መተላለፊያ በጥቁር ነገር ተዘግቶ አየን። ዘይት አይመስልም፤ ድስት ሥር ያረረ ይመስላል። በጥፍሬ ስነካው ፈረፈረ። መካኒኩ አሸተቱት፣ ዘንጉን ይዘው ወዲያና ወዲህ ነቀነቁት። ወደ ልጄ ቀና አሉ።

“ዘይቱ ውስጡ አሯል። አንተ፣ ዳገት ወጥተህ እንደ ጋለ ታጠፋዋለህ?”

ልጄ መሬት መሬት አየ። “አልፎ አልፎ።”

“አልፎ አልፎ? ይህ የአልፎ አልፎ ነው? ይህ ዘንግ በዓይን በማይታይ ፍጥነት እየዞረ፣ እንደ እሳት ግሎ ሳለ ሞተሩን ስታጠፋ ዘይቱ ይቆማል። እዚያው ተቀምጦ ያራል። ያረረው ዘይቱን የሚያግደውን የዘንጉን ቀለበት ይበላል፣ መመለሻውን ይዘጋል፣ ዘይቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውጭ ይተፋል። ማነው ያስተማረህ? አባትህ ሹፌር አልነበረም? ምን ያጣድፍሃል? ጠላ ይጠብቅሃል?”

እኔ ግን የት የት እንደሚያጠፋው ገባኝ። መከላከያው ላይ ቁጭ አልኩ።

እኛ ዘንድ ቀብር ሲያልፍ ሹፌር ሞተሩን ያጠፋል። ወርዶ ባርኔጣውን አውልቆ ለቀስተኛው እስኪያልፍ ይቆማል። ሬሳ በሞተር ጩኸት አይሸኝም። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ደግሞ ያሉት ጉብታው ላይ ነው፤ መንገዱም ሬሳውም የሚገናኙት ዳገቱ ራስ ላይ፣ ሞተሩ በጋለበት ነው። ባለቤቴ ይህን አጉድሎ አያውቅም፤ አሮጌዋ መኪናም ምንም አልሆነችም። ልጄ መሪ በጨበጠ ጊዜ ቃል አስገባሁት። “አባትህ ሬሳ እያለፈ ሞተር አስጩሆ አያውቅም። አንተም እንዳላፍር አድርገኝ” አልኩት። እነዚያ ዓመታት ደግሞ ቀብር የበዛባቸው ነበሩ። ወጣቱም ሽማግሌውም ይሄዳል፤ በአንድ ሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ ለቅሶ የምንደርስበት ጊዜ ነበር። ስንት ጊዜ አቁሞ እንዳጠፋው ማን ያውቃል።

“እሱን አይቆጡት” አልኩ። “እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ለቀብር ነው የሚያጠፋው።”

መካኒኩ ዘንጉን በጨርቅ ጠርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

“ታውቅ ነበር?” አልኩት ልጄን። “እንደሚጎዳው ታውቅ ነበር?”

“ሹፌሮቹ ነግረውኛል። ሳያርፍ አታጥፋው ይሉኛል።”

“ታዲያ ለምን?”

“ሬሳ እያለፈ ሞተር አላጠፋም ብሎ ሰው ይነግርሻል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ላይ...” አቆመ። “የአባዬ ቀብር ሲያልፍ ሁለት መኪናዎች አጥፍተው ቆመውልን ነበር። አስታውሳቸዋለሁ።”

ፍርሃቴ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ነው ልጄም ይዞት እንደሚዞር ያወቅሁት። እኔ ገደሉን ስፈራ እሱ እኔን ይፈራ ነበር።

“ለሙት መቆም ጥፋት አይደለም” አሉ መካኒኩ፤ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። “ግን ይህ ሞተር ደንባችሁን አያውቅም። ለቀስተኛውን ከሩቅ ስታየው እዚያው አቁመህ ሞተሩን አሳርፈው። ሦስት አራት ደቂቃ ይተንፍስ። ከዚያ አጥፋና በእግርህ ሂድ፣ ከሰው ተቀላቀል። ሙት አይቸኩልም።”

ከዚያ ዘንጉን ወደ ብርሃን አዙሬ እንዳይ አዘዙኝ። የተጫረ ነገር አለ ወይ? ጥፍር የሚይዝ መሥመር አለ ወይ? ከዳር እስከ ዳር በጥፍሬ ሄድኩበት። አንዲት ቦታ ላይ ጥቂት ሻከረኝ፤ ግን አልያዘኝም። “ተርፏል” አሉ። “ቀለበቶቹ ግን አልቀዋል።” የሚያስፈልገውን በቃላቸው አስጻፉን፤ ዝርዝሩ በአውቶቡስ ወደ ወልድያ ተላከ።

ዕቃው እስኪመጣ አምስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ያረረውን ዘይት በቀጭን እንጨትና በናፍጣ ስፈቀፍቅ ከረምኩ። በብረት አትንኪው ብለውኛል። የልጄ እጅ አዲስ ቆዳ እያወጣ ነበር። በየቀኑ ጨርቁን ስቀይርለት፣ ቁስሉ በመዳኑ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ለመሄድ እየተዘጋጀ ይመስለኝና አዝናለሁ። እናት በልጇ ቁስል መሻር ማዘኗ ከባድ ነገር ነው። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም።

ዕቃው ለአስተርዮ ሦስት ቀን ሲቀረው ደረሰ። መልሶ መግጠሙ ሁለት ቀን ፈጀብን። ቀለበቶቹን መካኒኩ እየነገሩኝ አስገባኋቸው፤ አንዷን ሁለት ጊዜ አውጥቼ እንደገና መለስኳት። ከሰሙ ላይ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ፣ በናፍጣ እያጠብኩ፣ ወደየቦታቸው መለስኩ። የጨርቆቹን ክሮች እየሳብኩ ቆጠርኩ። ሞሉ። ከማስነሳታችን በፊት በዘይቱ መግቢያ ንጹሕ ዘይት አፍስሼ ዘንጉን በጣቴ አዞርኩት። “ደርቆ እንዳይጀምር” አሉኝ። “ሰውም ሲነቃ ውኃ ይጠጣል።”

በዋዜማው ከሰዓት ልጄ ጋቢና ገባ። ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። “የቀረ ዘይት ነው፣ ይቃጠልና ያልቃል” አሉ። ቀስ በቀስ ጭሱ ሳሳ፣ ጠፋ። የእንዶድ አረፋ መትቼ የአየሩን ቧንቧ መጋጠሚያዎች ቀባሁ። ከታችኛው ላይ አረፋው እያበጠ ሲፈነዳ አየሁና ማሰሪያውን አጠበቅሁት፤ እንደገና ስቀባው ዝም አለ። ዘይት የሚንጠባጠብበት ሥፍራ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። ቆይተን ስናየው እንደ ነጭነቱ ነው።

ሁሉም ደስ አለው። የጎረቤቴ ልጅ ሳይቀር አጨበጨበ። “እትዬ፣ ሳውዲ ጋራዥ ልክፈትልሽ?” አለኝ። ልጄ ግን ከጋቢናው ሳይወርድ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያይ ነበር። ያን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያዘነም የተደሰተም ፊት አልነበረም። አንድ በር ሲዘጋ የሰማ ሰው ፊት ነበር።

በአስተርዮ ማግስት ልጆቹ ተነሱ። እስከ ኮረም አውቶቡስ መሳፈሪያ አድርሰን ብለው የለመኑት እሱን ነው። እምቢ ማለት አልቻለም፤ እኔም አትሂድ ማለት አልቻልኩም። ጎረቤቴ የበሶውን ከረጢት ራሷ ጫነች። ልጇ ከላይ ሆኖ “እማ፣ ይህን ሁሉ በሶ ለባሕሩ አሣ ነው ወይ የፈጨሽው?” ሲላት ሳቀች። መኪናው ሲታጠፍ ነው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ያደረገችው።

የሠራሁት መኪና ልጄን ይዞት ሄደ። ያን ቀንና በማግስቱ ምንም አልሠራሁም። ኮረም ላይ መኪናውን ለሰው አደራ ብሎ አብሯቸው አውቶቡስ ቢገባ የሚከለክለው የለም። መከልከያ አድርጌ የሠራሁት መኪና እስከ መንገዱ አድርሶታል።

በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። በራችን ላይ ቆሞ ጥቂት ሳይጠፋ ቆየ። ከዚያ ጠፋ። ልጄ ገብቶ ተቀመጠ፣ ውኃ ጠጣ።

“አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ተቀምጬ ነበር” አለኝ።

“ታዲያ?”

“ወረድኩ።”

“ለምን ወረድክ?”

“አላውቅም፣ እማዬ። አትጠይቂኝ።”

አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬም አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ነዳ፣ አገባ፣ ወለደ። ከሄዱት ውስጥ የደሃናዎቹ ከወራት በኋላ ከሳውዲ ደወሉ። የጎረቤቴ ልጅ ግን ጀልባው ላይ ከመውጣቱ በፊት ከእነሱ እንደተለየ ብቻ ነው የሰማነው። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። እናቱ ሞተ ተብሎ አልተረዳች፣ አለ ተብሎ አልተጽናናች።

አንድ የክረምት ጠዋት እናቱ ቤቴ መጣች። ልጄ የመኪናውን ሞተር ከፍቶ ዘይት ሲለካ በር ላይ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። በኽምጣኛ ነው የምናወራው፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነን።

“አንቺ የምትሠሪው መኪና ነበረሽ” አለችኝ። ቅናት አልነበረበትም፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። “እኔ ምን ልፈታ ነበር?”

እጇን ያዝኩ። ልጄ ከውጭ “እማዬ፣ ጨርቅ አቀብዪኝ” ብሎ ተጣራ። እጇን እንደያዝኩ ቆየሁ፤ እሷው ናት ተነስታ ጨርቁን የወሰደችለት።